በጻፍኩ ቁጥር ለምን ይብስብኛል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ራሴን ለማወቅ ብዬ ማታ ማታ የዕለት ማስታወሻ እጽፋለሁ፤ ግን ይበልጥ ይከፋኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ይለኛል። ጥሞና ልሞክር ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ ሐሳቤ ይበታተናል። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ አጻጻፍዎን ግን ይለውጡ። «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ብሎ የሚጀምር ገጽ ብዙ ጊዜ ማብሰልሰል ነው፤ ያው ሐሳብ ቃል እየቀያየረ ይመላለሳል። በ«ምን» ይተኩት፦ ምን ተፈጠረ? ሰውነቴ ላይ ምን ተሰማኝ? ምን አሰብኩ? ምን አደረግኩ? «ሰነፍ ነኝ» ከማለት «ውጤት ሲነገር ደረቴ ተጨነቀ፤ ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ፤ ስልኬን አውጥቼ አንገቴን ደፋሁ» ብለው ይጻፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መለስ ብለው ሲያነቡ ተደጋግሞ የሚመጣው ነገር ይታይዎታል። ስለ ራስዎ የሚነግርዎ ያ ድግግሞሽ ነው።

ጥሞናው ከጽሑፉ ይቅደም፤ ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ እግርዎ ወለሉን ይንካ፣ ትንፋሽዎን ሳያስረዝሙ ሳያሳጥሩ ሆድዎ ላይ ይከታተሉት። ሐሳብዎ መሄዱ አይቀርም፤ መሄዱን ባወቁ ጊዜ ወደ ትንፋሽዎ መመለስ ነው ልምምዱ። (ጭንቅላትዎን ባዶ ያድርጉ ያለዎት ሰው ካለ ይርሱት።) መጨፈኑ ካስጨነቀዎ ዓይንዎን ገልጠው ወለሉ ላይ ያሳርፉት።

ከዚያ ሰዓት ሞልተው 15 ደቂቃ ይጻፉ፤ ሲደወል ያቁሙ። ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በተከታታይ 4 ቀን 15፣ 15 ደቂቃ ጽፈው ነበር። እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር፤ ሆኖም የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ 6 ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ስለ ተራ ጉዳይ ከጻፉት ሌሎች ተማሪዎች ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ወዲያው መከፋትዎ አያስደንቅም፤ ግን ይህን ስሜት ይዘው አልጋ ላይ አይውጡ፣ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ ያዙሩት።

ማስታወሻው ለትምህርት የታዘዘና ማርክ የሚያዝበት ከሆነ መምህሩ የሚወደውን መጻፍዎ አይቀርምና የራስዎን በሌላ ደብተር ያድርጉት።

ሲጽፉ ያለፈው ክፉ ነገር አሁን እንደሚሆን ያህል ከመጣብዎ ወይም ከተንቀጠቀጡ ያንን ርዕስ ይተዉት፤ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር የሚነካ ነው። ድብርቱ ወይም የፍላጎት ማጣቱ 2 ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ብቻዎን ሳይሆኑ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።