መልስ፦ ደም ውስጥ የተገኘ ፈንገስ በዘር ነው ወይ?
እህቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝቶ ደሙ ውስጥ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ተገኘበት፤ «በዘር ይሆን? እኛስ እንመርመር?» ነው ያልሽው።

ዘር ድርሻ አለው። ቲኤልአር1 የሚባለው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ፣ ሰውነት ጀርምን እንዲለይ ይረዳል። በ2012 የወጣ ጥናት የዚህ ጂን አንዳንድ ልዩነቶች ካንዲዳ ደም ውስጥ ከመግባቱ ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ካርድ9 የተባለው ሌላ ጂን ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽቶ ሲወረስ ደግሞ ፈንገሱ አንጎል ድረስ ሊደርስ ይችላል። ይሄኛው ግን በጣም ብርቅ ነው።

አይሲዩ ውስጥ በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አንገት ላይ ደም ሥር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ፣ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ አንቲባዮቲክ፣ የሆድ ቀዶ ጥገና። ፈንገሱ ቱቦዋ ላይ ተለጥፎ ይራባል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪሙን «ቱቦዋ ትቀየር ወይ?» ብለሽ ጠይቂው።

በእኔ እምነት እናንተ አሁን የጂን ምርመራ አያስፈልጋችሁም። በቤተሰቡ ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስ የአፍ ወይም የጥፍር ፈንገስ ካለ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትወጪ።