የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፈረሰ ሪአክተር የወጣ ብረትና ኮንክሪት

ጥያቄ፦ እዚህ ቺካጎ ነው የምኖረው። ከከተማችን በስተሰሜን ያለው የዛየን ኑክሌር ጣቢያ ሲፈርስ ቆሻሻው ወደ ዩታ እንደተጓጓዘ ሰምቻለሁ። ሠራተኛው የጨረር መለኪያውን ብረቱ ላይ አስጠግቶ ካነበበ ቆሻሻው የሚቀበርበት ምድብ አይታወቅም? ላቦራቶሪ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በዚያ ብቻ አይታወቅም። ብረቱ አጠገብ የሚነበበው ቁጥር በአመዛኙ ብረቱ ውስጥ ያለው ራዲዮአክቲቭ ኮባልት (ኮባልት-60) የሚያወጣው ጋማ፣ ማለትም ብረት አልፎ የሚወጣ ጨረር ነው። ሠራተኛው እዚያ ምን ያህል መቆየት እንደሚችል ይነግራል እንጂ የመቅበሪያ ምድቡን አይናገርም። ምድቡን ከሚወስኑት መካከል ራዲዮአክቲቩ ኒኬል-63 ጋማ የለውም፤ ቤታ ጨረሩም (የሚወረውራቸው ኤሌክትሮኖች) እጅግ ደካማ ስለሆነ ከብረቱ ውስጥ አይወጣም። ስለዚህ ናሙናው በአሲድ ይሟሟል፣ ኒኬሉ በኬሚስትሪ ይለያል፣ ከዚያ ጨረሩ ይቆጠራል።

እያንዳንዱን ቁራጭ እንዲህ መመርመር ስለማይቻል በምጥጥን ይሠራል። ለአንድ ቤክሬል (በሰከንድ አንድ የአቶም ፍርሰት) ኮባልት-60 ስንት ቤክሬል ኒኬል-63 እንዳለ ከናሙናዎቹ ይወሰናል፤ ከዚያ ኮባልቱን ከውጭ በጀርማኒየም መለኪያ (1173 እና 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ) ለክቶ ማባዛት ነው።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 5.27 ዓመት፣ የኒኬል-63 ደግሞ 100 ዓመት ገደማ ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ኮባልቱ ወደ 14ኛ እጅ ሲወርድ ኒኬሉ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀንሳል፤ ምጥጥኑም 12 እጥፍ ያድጋል። ጣቢያው ሲዘጋ የተወሰደውን ምጥጥን ዛሬም የሚጠቀም ሰው ኒኬሉን ከእውነተኛው 12ኛ እጅ አድርጎ ይመዘግባል። የምጥጥኑ ቀን ያልሰፈረበት ሰነድ መፈረም የለበትም።

የአሜሪካ ደንብ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠውን ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይከፍላል። በኒውትሮን በተመታ ብረት ውስጥ ለምድብ ኤ የኒኬል-63 ጣሪያ በሜትር ኩብ 35 ኪዩሪ (አንድ ኪዩሪ 37 ቢሊዮን ቤክሬል ነው)፣ የስትሮንቲየም-90 ደግሞ 0.04 ነው። አንድ ብረት በሜትር ኩብ 20 ኪዩሪ ኒኬል እና ገጹ ላይ በተጣበቀ ቆሻሻ 0.02 ኪዩሪ ስትሮንቲየም አለው እንበል። ለየብቻ ሁለቱም ከጣሪያቸው በታች ናቸው። እያንዳንዱ መጠን ለጣሪያው ተካፍሎ የሚወጡት ክፍልፋዮች ግን ይደመራሉ፦ 0.57 ሲደመር 0.50፣ 1.07 ይሆናል። ከ1 ስላለፈ ምድቡ ቢ ነው። በዩታ የሚገኘው የክላይቭ መቅበሪያ የሚቀበለው ምድብ ኤን ብቻ ስለሆነ ይህ ብረት ወደዚያ አይሄድም፤ ቢ እና ሲን የሚቀበል መቅበሪያ በቴክሳስ አለ። ሜትር ኩቡ ሲሰላ የብረቱ ይዘት ብቻ ይወሰዳል። የቱቦውን ባዶ ውስጥ ጨምሮ ማስላት ቁጥሩን በሐሰት ያሳንሰዋል።

ጥያቄ፦ ሪአክተሩን የከበበው የኮንክሪት ግድግዳስ? ገጹን ማጠብ ወይም መፋቅ አይበቃም?

መልስ፦ ለተጣበቀ ቆሻሻ ይበቃ ይሆናል። ይህ ግድግዳ ግን በኒውትሮን ተመትቶ ውስጡ ራሱ ተለውጧል። በጠጠሩና በሲሚንቶው ካለው ጥቂት ዩሮፒየም ዩሮፒየም-152፣ ከሊቲየሙ ደግሞ ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) ይፈጠራል። ኒውትሮኖቹ ኮንክሪቱ ውስጥ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ከፍተኛው መጠን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ገጹ ላይ ሳይሆን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ በመሰርሰሪያ ረጅም ናሙና ወጥቶ በስስ በስሱ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይለካል።

ለትሪቲየሙ ሲባል አሰራሰሩ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደረቁ በፍጥነት ከተሰረሰረ ሙቀቱ ትሪቲየሙን በእንፋሎት ያባርረዋል፤ በውኃ ከተሰረሰረም ውኃው ያጥበዋል። በዝግታ፣ ሳይግል ይሰርሰርና ናሙናው እዚያው አየር በማያስወጣ ዕቃ ይታሸግ።