የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውጭ አገር ላሉ ልጆች አማርኛ በኦንላይን ማስተማር

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገራት ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ በኢንተርኔት ስለማስተማር በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ማታና ቅዳሜ በኦንላይን ማስተማር እፈልጋለሁ። ላፕቶፕና የቤት ኢንተርኔት አለኝ። ሌላ ምን ልግዛ? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ገንዘብዎን በካሜራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ድምፅዎን ያስተካክሉ። ማይክ ያለው፣ በሽቦ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። የሚያስተምሩት ቋንቋ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ የሚለይ ስለሆነ ድምፁ ከደበዘዘ ልጁ ልዩነቱን በጭራሽ አይሰማም። ዙም የሚጠቀሙ ከሆነ የጀርባ ድምፅ ማፈኛውን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት። ከፍ ሲል የጠ እና የጨ አጭር ፍንዳታ እንደ ኳኳታ ተቆጥሮ ሊቆረጥ ይችላል።

ኢንተርኔትዎን ሲለኩ የማውረጃውን ሳይሆን የመላኪያውን (የአፕሎዱን) ፍጥነት ይዩ። ለሁለት ሰው ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያለማቋረጥ ከደረሰ አይቸገሩም። የሚለኩትም ትምህርቱ በሚሰጥበት ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት የሚፈጥን መስመር ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ሊዘገም ይችላል። ለመጠባበቂያ ከቤት መስመርዎ የተለየ ኩባንያ ሲም ይያዙ። የቤቱ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ስልክዎ ላይ የሳፋሪኮም ይኑር፣ ወይም በተገላቢጦሽ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ጊጋባይት ሊበላ ስለሚችል ጥቅሉን አስቀድመው ይሙሉ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለራውተር የተሠራ ትንሽ ባትሪ (ሚኒ ዩፒኤስ) ገበያ ላይ አለ። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 ወይም 5 የሆኑም አሉ፤ ካልተመሳሰለ ራውተሩ ሊቃጠል ወይም ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ከዚያ ተማሪ በሌለበት ሰዓት ራውተሩን ሆን ብለው አጥፍተው ወደ ስልክዎ ዳታ መሸጋገርን ይለማመዱ።

አንድ ነገር እንጨምር። የዙም ነፃ አካውንት በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ወይ ትምህርቱን 35 ደቂቃ ያድርጉት፣ ወይ ለአንድ ለአንድ ትምህርት ጉግል ሚትን ይጠቀሙ። የሚት ነፃ አካውንት በ60 ደቂቃ የሚገደበው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የአሜሪካ ተማሪዎቼ በሙሉ አንድ ሰዓት ዘግይተው ገቡ፤ አንዷ እናት ደግሞ «አንተ ነህ የቀረኸው» ብላ ልጇን አስወጣች። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የሰዓቱ ነው፤ አስቀድሞ ማሳወቅ ግን የመምህሩ ድርሻ ነበር። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። አብዛኛው አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ይገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት መግቢያና ጥቅምት መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ከሎስ አንጀለስና ከሲያትል ጋር 10 እና 11 ይሆናል። አውሮፓ የሚለውጠው በሌላ ቀን፣ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። ስለዚህ የለንደን ተማሪ ሰዓቱን ሲለውጥ የዋሽንግተኑ ገና የሚለውጥበት፣ ወይም ቀድሞ የለወጠበት ሳምንት አለ። ሪያድ ከእኛ እኩል፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት የሚቀድመን ሲሆኑ ሁለቱም አይለወጡም። እስራኤል በክረምት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትሆንና በበጋ እኩል ትሆናለች።

መድኃኒቱ ቀጠሮውን በተማሪው ከተማ ሰዓት ማሰር ነው። ጉግል ካላንደር ላይ ቀጠሮ ሲመዘግቡ የሰዓት ቀጠናውን ኒውዮርክ ካሉት የእርስዎን ሰዓት ራሱ ያስተካክልልዎታል። ሰዓቱ ከመለወጡ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ለወላጆች መልእክት ይላኩ። ሲጽፉም «10 ሰዓት» ብቻ አይበሉ። በአሜሪካ የኖረ ወላጅ ጠዋት በእነሱ አሥር ሰዓት ሊለው ይችላል፣ ሌላው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ይለዋል። «ቅዳሜ፣ በዋሽንግተን ጠዋት 10፣ በአዳማ ከቀኑ 11» ብለው ሁለቱንም ያስቀምጡ። ይህ ምሳሌ ለበጋቸው ነው፤ በክረምታቸው በአዳማ 12 ሰዓት ይሆናል።

ሳምንቱን ስንደለድልም ይኸው ስሌት ይረዳናል። የዋሽንግተን ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በእነሱ አምስት ሰዓት ላይ ለመማር ሲቀመጥ በእኛ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው፤ ይህን ለወራት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ የሥራ ቀን ምሽቶችን ለአውሮፓና ለዓረብ አገራት፣ ቅዳሜን ለአሜሪካ ይስጡ። እሑድ ጠዋት ብዙ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ከሰዓት በኋላን ይጠይቁ። ሰንበት ለሚያከብሩ የእስራኤል ቤተሰቦች ከዓርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ምሽት ቀጠሮ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። የ7 ዓመት ተማሪዬ የምለውን ሁሉ ይሰማል፣ መልሱ ግን ሁሌ እንግሊዝኛ ነው። ፊደልም እስከ ሐ ደርሰን ቆመናል። እናቱ ተስፋ እየቆረጠች ነው።

መልስ፦ ሁለቱን እንለያቸው፤ መጀመሪያ ንግግሩን።

ልጁ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው በቤት ውስጥ ስለሚሠራለት ነው። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ምሳው ይቀርባል። እርስዎም «ዳቦ ትወዳለህ?» ካሉት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። «ዳቦ ነው እንጀራ የምትወደው?» ይበሉት፤ ከሁለቱ አንዱን ቃል ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ይህን ሲለምድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፦ «እኔ ጠዋት ...»። ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው አምስት ስድስት ሰከንድ ይጠብቁ። ዝምታው የሚከብደው መምህሩን ነው፤ ልጁ ቃሉን የሚፈልገው በዚያች ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ ከመለሰ አይቆጡ፣ «በአማርኛ በል» ብለውም አይዘዙት። ቃሉን በአማርኛ ይንገሩትና ወዲያው ያንኑ ቃል የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ ይጠይቁት።

አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይገጥምዎታል። «ትፈልጋለህ?» ሲሉት «ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልሳል፤ ቤት ውስጥ ሲሰማ ያደገው ለእሱ የሚነገረውን መልክ ነውና። ስለዚህ ግሶችን በጥንድ ያስተምሩ፦ ትፈልጋለህ፣ እፈልጋለሁ፤ ትበላለህ፣ እበላለሁ። «እርስዎ» ማለትንም ለአያቱ ስልክ በማስደወል ያስለምዱት።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ሀ ብሎ በመስመር መውረድ በእንግሊዝኛ ለሚያድግ ልጅ አድካሚ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ምልክት ናቸው፤ ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ ደግሞ ለጆሮው አዲስ ድምፅ አይሰጡትም። እነዚህን አምስቱን ለኋላ ያቆዩዋቸው። ከለ፣ በ፣ ሰ፣ ከ ይጀምሩ፤ ቅርጻቸው ሥርዓት ይከተላል። ካዕቡ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልሱ ጭረቱን እግሩ ላይ ያደርጋል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ይይዛል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ልጁ ሕጉን አንዴ ካገኘ፣ መን ብቻ አሳይተውት ሜን ሳያስተምሩት ያነባል፤ ያቺ ደቂቃ ከአንድ ወር ቁጠራ ትበልጣለች። ሳድስ ግን ሕግ የለውም፣ ያለ እሱ ደግሞ ቃል አይሞላም። ስለዚህ ል፣ ብ፣ ስ፣ ክ እና ት በቃል ይያዙ። በዚህ ብቻ ቤት፣ ሴት፣ ልብ፣ ልብስ፣ ክብ ማንበብ ይችላል። ሩ፣ ሪ፣ ፉ እና መሰሎቻቸው ከሥርዓት የወጡ ስለሆኑ ለየብቻ በኋላ ይምጡ።

ለጠ እና ለቀ ቀጭን ወረቀት ከአፉ ፊት ያስይዙት። በእንግሊዝኛ ልማዱ ተ እና ከ ሲል ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል። ትንፋሹን ይዞ ጠ እና ቀ ሲል ወረቀቱ ዝም ማለት አለበት። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዋና (መዋኘት) እና ዋና («ዋና ሥራ» ሲባል) ዓይነት ጥንዶችን በጆሮ ብቻ ያለማምዱት።

ለዚህ ዕድሜ በሳምንት ሁለቴ 30 ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከአንድ ሰዓት ይሻላል። እናቱ ቤት ውስጥ እንድትሰማ ያድርጉ፤ ከልጁ ጋር በግል መልእክት አይጻጻፉ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድም አይቅረጹት። ለእሷም በየወሩ የ1 ደቂቃ የንባብ ቅጂ ይላኩላት። ተስፋዋ የሚመለሰው ልጇ ሲያነብ በጆሮዋ ስትሰማ ነው።

ጥያቄ፦ ዲግሪ የለኝም። መምህርና ተማሪ በሚያገናኙት ትልልቅ ድረ ገጾች ልጀምር ወይስ በራሴ? ስንትስ ላስከፍል?

መልስ፦ ወላጆች ከዲግሪ ይልቅ የሙከራ ትምህርቱን ያያሉ። ዋጋን በተመለከተ ድረ ገጾቹ የሚወስዱትን ያስሉ። ፕሪፕሊ የመጀመሪያውን የሙከራ ትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ከ33 በመቶ ይጀምርና የሰዓትዎ ብዛት እየጨመረ ሲሄድ እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። በሰዓት 10 ዶላር ካሉ መጀመሪያ እጅዎ የሚገባው 6 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። አይቶኪም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ፕሮፋይልዎን ከመክፈትዎ በፊት ክፍያው በየትኛው መንገድ ኢትዮጵያ እንደሚደርስ ከድረ ገጹ ያረጋግጡ፤ አስተምረው ገንዘቡ ውጭ ታስሮ መቅረቱ የተለመደ ችግር ነው።

በራስዎ ሲሠሩ የስምንት ትምህርት ክፍያ በቅድሚያ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይቀበሉ። ከ24 ሰዓት በፊት ሳያሳውቅ የቀረ ትምህርቱ ተቆጠረበት ማለት ነው፤ እርስዎ ከቀሩ ደግሞ አንድ ነፃ ትምህርት ይካሱ። ይህን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይላኩ። ለአንድ ትምህርት ቢያንስ 15 ደቂቃ ዝግጅት አለ፤ ዋጋውን ሲያወጡ ያንንም ይቁጠሩ። ኢትዮጵያ ነዋሪ እስከሆኑ ድረስ ከውጭ የሚያገኙት ገቢም ግብር ስለሚመለከተው የእያንዳንዱን ክፍያ ቀንና መጠን በደብተር ይያዙ።