«ጌም መሥራት እንጀራ ይሆናል ወይ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጌም ናቸው። ስለ መጫወቱ ሳይሆን ስለ መሥራቱ። እንሂድ።

«ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ጌም ሠሪ እሆናለሁ ብሎ አስቸገረኝ። ይኼ እንጀራ ይሆናል?» (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

እናቴ፣ ይሆናል፤ ግን ቶሎ አይደርስም። አገራችን ውስጥ በዚህ ሥራ ደሞዝ የሚከፍል ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው። «ኩኩሉ» የተባለውን የሞባይል ጌም የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ አንዱ ነው። ባሕር ማዶም ቢሆን ዋስትና የለም፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ብቻ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ቀንሷል። ስለዚህ ማትሪኩን ይለፍ፤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ይግባ። ያን ሙያ ባንኩም ቴሌውም ይፈልገዋል። ጌሙን ግን አይከልክሉት። «እስኪ የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉት። አንዲት የምትነጥር ኳስ እንኳ ካሳየዎት ልጁ የምሩን ነው። ያሸነፈበትን ነጥብ ካሳየዎት ደግሞ... ያው፣ ጥናቱን ይከታተሉ።

«ዩኒቲ፣ አንሪል ወይስ ጎዶት? ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው።» (የፖሊ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ሦስቱም ጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ላንተ ግን ጎዶት። ነፃ ነው፣ ፋይሉም ትንሽ ነው። አንሪልን ለማውረድ ግን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋ ዳታ ይበላሃል፤ ላፕቶፕህም አይሸከመውም። ጎዶትን አንዴ ካወረድክ ያለ ኔት ትሠራለህ፤ መመሪያውንም አብረህ አውርደው። እንደ ሥዕል ጠፍጣፋ በሆነው በቱ ዲ ጌም ላይ ቆይ፣ ጥልቀት ወዳለው ወደ ሥሪ ዲ አትቸኩል። ዩኒቲ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የሞባይል ጌም ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ስሙ በብዛት አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 «ጌማችሁ በተጫነ ቁጥር ክፈሉኝ» ብሎ ሠሪዎቹ አመፁበት፤ በዓመቱ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ አለኝ። ደግሞ ጊትን ልመድ፤ እየመዘገብክ የሄድካቸውን የፋይልህን ቅጂዎች የሚያስቀምጥልህ ሶፍትዌር ነው። ያለ ኔት ይሠራል፤ መብራት ድንገት ሄዶ ፋይልህ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልስሃል። ኮፒውን ግን ፍላሽ ላይም አኑር።

«የበላይ ዘለቀን ጌም ጀምሬያለሁ። ዓባይ በረሃ፣ መላው ጎጃም በካርታው ላይ አለ። ብቻዬን ነኝ።» (ከደብረ ማርቆስ)

አባ ኮስትርን መምረጥህን ወደድኩት። መላው ጎጃምን ግን ተወው። «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን ታዋቂ የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሲሠራ ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ማታ ማታ ቲያትር ቤት ተመልካች እያስገባ ነበር፤ ፍቅረኛውም ትደግፈው ነበር። ያውም የእርሱ ጌም አንዲት መንደርና እርሻ ናት። አንተ አንድ ገደል፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ደፈጣ ውሰድ። ከዚያም በፊት ገበጣ ሥራ። ሕጉን ታውቀዋለህ፣ ሥዕሉ ቀላል ነው። ዋናው ሜኑውን፣ ድምፁን፣ «ውጣ» የሚለውን ቁልፍ ሳይቀር መጨረስህ ነው። የጀመሩት ብዙ ናቸው፤ ቀጣሪ የሚያየው የጨረሰውን ነው።

«ኮድ አልችልም። ሥዕል ግን እስላለሁ።» (ከዳንግላ)

እህቴ፣ ግማሹ ሥራ ያንቺ ነው። የሥዕል ሶፍትዌሩ ክሪታና የሥሪ ዲው ብሌንደር ነፃ ናቸው። ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ ፈልጊ፤ በ48 ሰዓት ጌም የሚሠራበት ግሎባል ጌም ጃም በየዓመቱ ጥር አካባቢ አለ፣ አብራችሁ ሞክሩት። ገንዘብ ከመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ ሳትጀምሩ በወረቀት ጻፉ። ጓደኛም ቢሆን። በተለይ ጓደኛ ከሆነ።

«ጌም በመጫወት የሚስተካከለኝ የለም። ሞካሪ መሆን እችላለሁ?» (ከብቸና)

አንዱን በር መቶ ጊዜ ከፍተህ፣ በስንተኛው እንደተበላሸ በዝርዝር መጻፍ ካልሰለቸህ፣ አዎ።

«ፕሌይ ስቶር ላይ ለመጫን ስንት ያስከፍላል?» (ከእንጅባራ)

አንዴ 25 ዶላር። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ይጠይቃሉ። ጌም የሚጫንበት ድረ ገጽ ኢች ዶት አዮ ነፃ ነው፤ እዚያ ጀምር። ፕሌይ ስቶር ላይ አዲስ የግል አካውንት ከሆነ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን መሞከር አለበት። አንድሮይድ ያላቸውን የአክስትና የአጎት ልጆች ከአሁኑ ቁጠር።