«ልርዳቸው» ከማለትህ በፊት

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የምመረቅ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያሉትን የጎዳና ልጆች ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ኋላም መተዳደሪያዬ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከአንድ ልጅ። ግን ዘንድሮ አይደለም። አሥር ልጅ ሰብስቦ ማስተማር ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ሜንተርነት፣ ማለትም አንድን ልጅ በቅርብ እየተከታተሉ ማማከር፣ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ልጅ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቀንና ሰዓቱ ሳይቀያየር፣ ቢያንስ አንድ ዓመት። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ግንኙነቱ ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠባቸው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወርዷል። ስንቱ ጥሎት የሄደን ልጅ አንተም እንዳትጨመርበት! ተመርቀህ የት ከተማ ሥራ እንደምታገኝ እስክታውቅ ድረስ ለነባር አገልጋይ ረዳት ሁን፤ ሻይ ማቅረብና መዝገብ መያዝ አይክበድህ።

ልጁ ሊስትሮ ከሆነ እግርህን ሣጥኑ ላይ ሰቅለህ አትምከረው። እሱ አጎንብሶ፣ አንተ ከላይ ሆነህ የምትናገረው ሁሉ ትእዛዝ ይሆንበታል። ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቅና ሰው በሚያያችሁ ቦታ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በጸሎተ ሐሙስ ዝቅ ብለው የምእመኑን እግር የሚያጥቡት ካህናቱ ናቸው፤ ዮሐንስ 13ን ልትሰብክለት ከተነሣህ መጀመሪያ አቀማመጥህን እይ። «ከቤት ለምን ወጣህ?» ብለህም አትጀምር። ለመጣው ረጂ ሁሉ ሲያወራው የኖረ የተዘጋጀ ታሪክ አለው፤ እውነተኛው ከወራት በኋላ ሳትጠይቀው ይመጣል።

ከኪስህ ብር አትስጥ። አንዴ ከሰጠህ ቀጠሮው የብር ቀን ይሆናል፤ ብሩንም ትልልቆቹ ይቀሙታል። ርቦት ከሆነ አብራችሁ ብሉ። ማስቲሽ ሲስብ ካገኘኸው ያን ቀን ምክር አይገባውም፤ ደኅንነቱን አይተህ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆየው።

«ምስጢርህን ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል ግን በፍጹም አትግባ። አደጋ ካለ ለአገልግሎቱ አስተባባሪ እንደምትናገር ገና ስትተዋወቁ ንገረው። ተደፍሮ ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለሰኞ ስብሰባ አይቆይም፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ። ብቻህን ልትወጣው ብትሞክር የሚጎዳው ልጁ ነው።

ስለ ቅጥሩ፦ ኮምፓሽን የተባለው የሕፃናት ረድኤት ድርጅት ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በሚሠራባቸው ፕሮጀክቶች ሠራተኛ የምትቀጥረው አጥቢያዋ ስለሆነች ጥያቄህን እዚያው አቅርብ። ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ ቀድመህ አውጣ። ሲቪህ ላይ «የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ለወጥኩ» ካልክ ቀጣሪው ዘልሎት ያልፋል። «በዓመት 48 ቀጠሮ ይዤ 45ቱን አክብሬያለሁ» ካልክ ግን ቆም ብሎ ያነባል፤ በእርግጥ እውነት ከሆነና ደብተርህ ላይ ካለ። በየቀጠሮው ሦስት መስመር ይበቃል፤ መጣ ወይስ ቀረ፣ ምን አወራችሁ፣ ለሚቀጥለው ምን ቃል ገባህለት።