«ምላሱ ታስሮ ነው» ይሉኛል፤ ልጄ ለምን አፉን አልፈታም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። የሚላቸው ቃላት ቢበዙ 12 ናቸው። ውሃ ሲፈልግ «ቧ» ይላል። ሌላውን በጣቱ ይጠቁምና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በር ሲንኳኳ ዞር ስለሚል ጆሮው ደህና ይመስለኛል። ባለፈው ክረምት ግን አንዱ ጆሮው ፈሳሽ ያወጣ ነበር። አማቴ የከሚሴ ሰው ስለሆኑ በኦሮምኛ ነው የሚያጫውቱት። አንዷ ጎረቤቴ «ምላሱ ታስሮ ነው፣ አስቆርጪው» ትለኛለች። ሌላዋ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ተይው» ትላለች። የቷን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ ወሎዬ ወግ መጀመሪያ «አብሽሪ» ልበልዎት። ልጅዎ ይጠቁማል፤ ጠቁሞም ዓይንዎን ይፈልጋል። ሊነግርዎት የሚፈልገው ነገር አለው ማለት ነው። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ።

ሁለቱንም ጎረቤቶችዎን ግን አይስሙ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። ሆኖም ልጆች በ2 ዓመታቸው በአብዛኛው 50 ያህል ቃላት አሏቸው፤ «እማ ነይ» እያሉ ሁለት ቃል ማጣመርም ይጀምራሉ። በዚህ ዕድሜ 12 ቃል ብቻ መሆኑ «ወንድ ስለሆነ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ዘግይተው ራሳቸው የሚደርሱ ልጆች አሉ። ችግሩ የትኛው እንደሚደርስ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ እየጠበቁ ሳይሆን እየመረመሩ ነው የሚያዩት።

ከደብዳቤዎ ልቤ የቀረው ክረምቱ ላይ ነው። ጆሮ ከታመመ በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊቀር ይችላል። ልጁን አያመውም፣ አያተኩሰውም። ጆሮዎን በጣትዎ ደፍነው ሰው ሲያወራ ያዳምጡ። የበሩ ድምፅ ይሰማዎታል፤ በጂቡቲ መንገድ የሚያልፈው የከባድ መኪና ጥሩምባም ይሰማዎታል። እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ግን ይጠፋሉ። «ውሻ» ሲሉት «ሽ»ዋ ትጠፋና የሚደርሰው ቁርጥራጭ ነው። ልጅ ያልሰማውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር? በር ሲንኳኳ መዞሩ ለእኔ በቂ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) ወስደው ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፤ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየውም ይጠይቁ። ለሕፃናት የሚደረግ የመስማት ምርመራ አለ። ትንሽ መሰኪያ ጆሮው ላይ ይደረጋል፤ ተኝቶ እያለም ይሠራል፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ አያምም። መሣሪያው እዚያ ባይገኝ ሪፈር ያጽፉ። ከታምቡሩ ጀርባ የቀረ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል፤ አልደርቅ ካለ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። የመስማት ችሎታው ለዘለቄታው የቀነሰ ከሆነ ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ዘይት፣ ቅጠል፣ ምንም ነገር ጆሮው ውስጥ አይጨምሩ።

ምላሱን በተመለከተ፦ ከምላስ ሥር ያለችው ክር አጭር ስትሆን ጡት መጥባትን ልታስቸግር፣ አንዳንድ ድምፅም ልታዛባ ትችላለች። ቃል ግን አታስቀርም። እንዲህ ያለ ልጅ አበላሽቶም ቢሆን ያወራል። ሐኪሙ አፉን ሲያይ ክሯንም ያያታል። በምላጭ ማስቆረጥ፣ እንጥል ማስቆረጥም ጭምር፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ንግግር አያመጣም። እባክዎ፣ ይህን ማንም ቢመክርዎ እንዳያደርጉት።

አማትዎም ኦሮምኛቸውን ይቀጥሉ! ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ይቁጠሩ፤ ውሃን በኦሮምኛ «ቢሻን» ካለ እሱም ቃል ነው።

ምርመራው ከውጭ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። ስለ እርግዝናው፣ ስለ ወሊዱ፣ በቤተሰብ ዘግይቶ የተናገረ ሰው ስለመኖሩ ይጠየቃሉ። ከዚያ ስኒ፣ አሻንጉሊት፣ መኪና ይሰጠዋል። «ጫማህ የት አለ?» ይባላል፤ ያውም ሳይጠቆም፣ በቃል ብቻ። የሚረዳውንና የሚናገረውን ለይቶ ማወቅ ትልቁ ሥራ ነው። ልጆች ክሊኒክ ሲገቡ አፋቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ቤት ሲጫወት በሞባይልዎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹት። ለአንድ ሳምንት ያህልም የሚላትን እያንዳንዷን ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየሳምንቱ መመላለስ እንደማይቻል አውቃለሁ። ደግነቱ ባለሙያውም ቢሆን ዋናው ሥራው እናትን ማሠልጠን ነው። አንዲት እናት ምርመራ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ልጇ ወደ ውሃው ኮዳ ገና ቀና ሲል ክዳኑን ከፍታ ሰጠችው። ፍቅር ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚወጣባት ቅጽበት አለፈች። በሚቀጥለው ጊዜ ኮዳውን ይዛ፣ ፊቱ ተንበርክካ፣ ዝም ብላ እንድትጠብቅ ነገርኳት። በልቧ እስከ 5 ቆጠረች። «ቧ» አለ። «ውሃ! ውሃ ትፈልጋለህ» ብላ ሰጠችው።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብለው ያናግሩት። «ዳቦ ነው ሙዝ?» ብለው ያስመርጡት። አንድ ቃል ካለ እርስዎ ሁለት አድርገው ይመልሱለት። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ይሁንና «ስኒ፣ ጀበና፣ ትኩስ ነው» እያሉ ያውሩት። «በል፣ በል» ብለው ግን አያስጨንቁት። ስልኩን ይቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ቀድሞ ይላቸው የነበሩ ቃላትን ከተወ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት ካቆመ፣ ወይም ጆሮው እንደገና ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በማግስቱ ይዘውት ይሂዱ።