ሥራው ይናገር፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያን ለዓለም አቀፍ ሽልማት ስለ መጠቆም

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በኅብረተሰብ ጤና የላቀ ሥራ የሠሩ ሰዎች እንዴት ተገቢውን ዕውቅና ያግኙ? ከጥያቄዎቹ ስድስቱን መርጠናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሕፃናት ክትባት ላይ ለ17 ዓመት የሠራች ባልደረባችንን ሦስት ጊዜ ለዓለም አቀፍ ሽልማት ጠቁመን አንዴም ለመጨረሻው ዙር አላለፈችም። «ታታሪ፣ ቅን፣ ራሷን ለሰው የሰጠች» ብለን ከልባችን ጽፈናል። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤም አያይዘናል። ምን አጎደልን? (የፕሮግራም አስተባባሪ)

መልስ፦ ያጎደላችሁት ሥራዋን ነው። ዳኞች ፊት ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች ውስጥ «ታታሪ» የማይል የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቃሉ ባልደረባችሁን ከሌላው አይለያትም። የሚለያት ከእሷ በፊት የነበረው ሁኔታ፣ እሷ ያደረገችው ነገርና ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው።

«የክትባት ሽፋንን በእጅጉ አሻሽላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከሆነ፣ ዳኛው ከስንት ወደ ስንት፣ ከየትኞቹ ሕፃናት መካከል፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ማንስ ቆጠረው ብሎ ይጠይቃል። ለአብነት ያህል እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «አንደኛውን ዙር ከወሰዱ 1,000 ሕፃናት ሦስተኛውን ሳይወስዱ የሚቀሩት በ3 ዓመት ውስጥ ከ240 ወደ 90 ወርደዋል። እሷ የዘረጋችው አሠራር የቀሩትን ሕፃናት ስም በየሳምንቱ ከመዝገብ አውጥቶ ቤት ለቤት ለሚዞሩት ሠራተኞች ይሰጣል። ቁጥሩ የተወሰደው ከጤና ጣቢያዎቹ መዝገብ ነው።» እዚህ ውስጥ አንድም የውዳሴ ቃል የለም፤ ሴትዮዋ ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቁጥር ሲመርጡ ይጠንቀቁ። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው የሽፋን መቶኛ ብዙ ጊዜ አደገኛ ነው። የሕፃናቱ ጠቅላላ ብዛት ከቆየ የሕዝብ ቆጠራ ተገምቶ ሲወሰድ ሽፋኑ 104 ወይም 110 በመቶ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ነገሩን የሚያውቅ ዳኛ ይህን ካየ የቀረውንም ማመን ይቸግረዋል። የማቋረጥ መጣኔ፣ ማለትም ክትባት ጀምረው ሳይጨርሱ የቀሩት ሕፃናት ድርሻ፣ ግን አንደኛውንና ሦስተኛውን ዙር የወሰዱትን ከአንድ መዝገብ ስለሚያነጻጽር በሕዝብ ብዛት ግምት አይዛባም።

ከዚህ ሙያ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በአንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አስመጥነው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። በመጠለያው ውስጥ ከሕሙማኑ እስከ 30 በመቶ ይሞቱ የነበረው ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መነሻው፣ ድርጊቱና ውጤቱ በጥቂት መስመር አለቀ። በ2006 የታይላንድ የልዑል ማሂዶል ሽልማት በኅብረተሰብ ጤና ዘርፍ ለእሳቸው ሲሰጥ፣ በአፍ የሚወሰደውን ፈሳሽ ቀደም ብለው በሕሙማን ላይ የፈተኑት ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽም አብረዋቸው ተሸልመዋል።

ለለውጡ ሌላም ምክንያት ካለ አትደብቁት። በዚያው ዓመት አዲስ የክትባት ማቀዝቀዣ ገብቶ ከሆነ ጻፉትና የእሷ ድርሻ ከዚያ የሚለየው በምን እንደሆነ አሳዩ። ዳኛው ራሱ ቢደርስበት ግን ማመልከቻው ያበቃለታል።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ፣ ሦስቱም ከአንድ ረቂቅ የተቀዱ ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አንዱን የቅርብ ኃላፊዋ ይጻፉ፤ ከሥራዋ ጥቅም የማያገኝ የሌላ ድርጅት ባለሙያ ሌላውን፤ ሦስተኛውን ደግሞ አሠራሩን ተቀብሎ በራሱ ቦታ የሞከረ ሰው። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ጥያቄ ስጧቸው። ለመጨረሻው ለምሳሌ «አሠራሩን ስትወስዱ ምን ቀየራችሁ? እሷ ከሄደች በኋላስ ቀጠለ?» በሉት።

ጥያቄ፦ ዋና ዋናዎቹ ሽልማቶች የትኞቹ ናቸው? ማንስ መጠቆም ይችላል? ባለሙያው ራሱን ቢጠቁምስ? (በሕክምና ኮሌጅ መምህር)

መልስ፦ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚሰጡ በርካታ ሽልማቶች አሉ። በ1984 የተቋቋመው የሳሳካዋ የጤና ሽልማት አዲስ አሠራር ላመጡ ሰዎችና ተቋማት ነው፤ የዶክተር ሊ ጆንግ ዉክ መታሰቢያ ሽልማትና የኔልሰን ማንዴላ የጤና ማበልጸግ ሽልማትም ይጠቀሳሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቆማውን የሚያቀርቡት የአባል አገራት የጤና አስተዳደሮችና የቀድሞ ተሸላሚዎች ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻው ተዘጋጅቶ በጤና ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት። በቀጥታ ጄኔቫ ወዳለው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የላኩት ፋይል የቱንም ያህል ቢያምር ውድቅ ይሆናል። የሳሳካዋው ደንብ የድርጅቱን የአሁንና የቀድሞ ሠራተኞችም አያስገባም። ሥራ አስፈጻሚው ቦርድ በጃንዋሪ ስብሰባው ይወስናል፤ ሽልማቱ የሚሰጠው በሜይ በዓለም ጤና ጉባኤ ላይ ነው። ሚኒስቴሩ ውስጥ ፊርማ ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ አስቡና የጥቆማው ጊዜ ከመዘጋቱ ቢያንስ 3 ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

ከዚህ ውጭ የካናዳው የጋርድነር የዓለም ጤና ሽልማት በሳይንሳዊ ምርምር ላይ የሚያተኩር ነው፤ በ2020 ኳራይሻና ሳሊም አብዱል ካሪም በኤችአይቪ ሥራቸው ወስደውታል። ጃፓን የምትሰጠው የሂዴዮ ኖጉቺ የአፍሪካ ሽልማት ምርምርንና የሕክምና አገልግሎትን ለይቶ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊዮን የን ይሰጣል። በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በአገልግሎት ዘርፍ የተሸለሙት ሚርያም ዌሬ በማኅበረሰብ ጤና የሠሩ ናቸው። መስክ ላይ ለዋለ ሰው ይህኛው ዘርፍ ይቀርባል፤ የምርምር ጽሑፍ የሌለውን የመስክ ሰው ለጋርድነር መጠቆም ግን ድካም ነው።

ራስን መጠቆም በአብዛኞቹ ትልልቅ ሽልማቶች አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ «የዓመቱ ምርጥ የዓለም ጤና መሪ ሆነው ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ዋንጫውን ለመውሰድ የምዝገባና የእራት ግብዣ ክፍያ ይጠይቃል። ልክፈል? (የወባ መከላከል ባለሙያ)

መልስ፦ አይክፈሉ። ታማኝ ሽልማት ለተሸላሚው ይከፍላል እንጂ ከተሸላሚው አይቀበልም። የዳኞቹ ስም፣ የቀደሙ ተሸላሚዎች ዝርዝርና የምርጫው መስፈርት በግልጽ ካልተቀመጠ፣ ማን እንደ ጠቆመዎትም ካልነገሩዎት ነገሩ ንግድ ነው። «መልስዎን በ48 ሰዓት» የሚል ማጣደፊያም የተለመደ ምልክት ነው። አስቀድመው ከፍለው ዋንጫውን ተቀብለው ከሆነ በሥራ ታሪክዎ ውስጥ አይጻፉት፤ ቀጥሎ ለእውነተኛ ሽልማት ሲጠቆሙ ዳኞች ዝርዝሩን ያያሉ።

ጥያቄ፦ ሥራው የ40 ሰው ነው፤ ሽልማቱ ግን ሁልጊዜ ለኃላፊው ይሄዳል። ቤት ለቤት የሚዞሩት ስማቸውም አይነሣም። ይህ እንዴት ይስተካከላል? (የመስክ ተቆጣጣሪ)

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ በዚህ ዘርፍ ካሉት ችግሮች ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይደለም። ጥቆማ የሚጻፈው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀው ሪፖርት ፈራሚውን ነው።

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ አንድ ጥሩ ነገር ትቶልናል። ክትባቱ የሚሰጠው ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት በተከፈለ ትንሽ መርፌ ነበር፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል አንድ ጠብታ ትይዛለች፤ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይወጋል። የዘመቻው መሪ ዲ. ኤ. ሄንደርሰን ያችኑ መርፌ ክብ አድርገው በማጠፍ ደረት ላይ የምትሰካ ምልክት አሠርተው ለዘመቻው ሠራተኞች ሰጡ። ክቡ ዜሮ ነው፤ የዘመቻው ግብም ዜሮ ሕመምተኛ ነበር። ምልክቷ ውድ ብረት የላትም፤ የሚያደርጋት ሰው ግን የሠራበትን መሣሪያ ራሱን ነው ደረቱ ላይ የሚሰካው።

በቅርቡ ደግሞ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሽልማት በሕንድ «አሻ» ለሚባሉት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ተሰጥቷል፤ እነዚህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች ናቸው። በዚያው ዓመት በአፍጋኒስታን በፌብሩዋሪ የተገደሉ ስምንት የፖሊዮ ክትባት ሠራተኞችም ተሸልመዋል። ስለዚህ ቡድንን መሸለም ይቻላል፤ ደንቡ «ግለሰብ ወይም ተቋም» የሚል ከሆነ ቡድኑን እንደ ቡድን ጠቁሙ።

ደንቡ አንድ ሰው ብቻ የሚቀበል ከሆነ የግለሰቡ ድርሻ በቀንና በድርጊት ይለይ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በወባ መድኃኒት በ2015 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሥራ ለአንድ ሰው መሰጠቱ አከራክሯል። ለእሳቸው ያደላው ማስረጃ ግን ተጨባጭ ነበር። መድኃኒቱ የሚገኝበትን ተክል ማፍላት መድኃኒቱን እንደሚያበላሸው ጠርጥረው በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው በኤተር አወጡት፤ በኦክቶበር 1971 191ኛው ናሙና በአይጦች ላይ የወባውን ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ ገታ። የእርስዎም ጥቆማ «ይህን እገሌ ጀመረ፣ ይህን እነ እገሌ አደረሱ» ብሎ ይለይ።

የመስክ ሠራተኛን ስም ከማውጣትዎ በፊት ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ግጭት ባለበት አካባቢ ስምና ፎቶ ማውጣት ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ በድርጅታችን ውስጥ አነስተኛ ዓመታዊ ሽልማት ልንጀምር ነው። ዳኝነቱን እንዴት እናደራጅ? (የሰው ኃይል ክፍል)

መልስ፦ መስፈርቱን ጥቆማ ከመቀበላችሁ በፊት ጽፋችሁ አውጡ፤ ከአራት ባይበልጥ ይመረጣል። ከ100 ነጥብ ለተለካ ውጤት 40፣ ለግል ድርሻ 25፣ ሰውየው ከሄደ በኋላም ለቀጠለ ሥራ 20፣ አገልግሎት ለማይደርሳቸው ሰዎች ለመድረሱ 15 ብትሰጡ ይበቃል። አምስት ዳኞች ምረጡ፤ ቢያንስ ሁለቱ ከድርጅቱ ውጭ ይሁኑ። የዕጩው አለቃ፣ ዘመድ ወይም የምርምር ተባባሪ የሆነ ዳኛ በዚያ ዕጩ ላይ ነጥብ አይስጥ፤ ውይይቱ ላይም ከክፍሉ ይውጣ።

ዳኞቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ይላኩ። ይህን ቅደም ተከተል ከዘለላችሁት ሥልጣን ያለው ሰው ቀድሞ ይናገርና የቀሩት ቁጥራቸውን ወደ እሱ ያስጠጋሉ። በሁለት ዳኞች መካከል ከ20 ነጥብ በላይ ልዩነት በታየበት ዕጩ ላይ ብቻ ረዘም ያለ ውይይት አድርጉ።

የጥቆማ ቅጹ ከሁለት ገጽ አይለፍ። መጻፍ ለሚቸግረው ሠራተኛ በስልክ የሚናገረውን ተቀብላችሁ ጻፉለት፤ በሚናገረው ቋንቋ። የጥቆማው መዝጊያ ቀን የክትባት ዘመቻ ወይም የወረርሽኝ ወቅት ላይ እንዳይውል ተጠንቀቁ፤ ዋናዎቹ ሠራተኞች ያኔ ሜዳ ላይ ናቸው። ላልተመረጡት ደግሞ በየትኛው መስፈርት እንዳነሱ ሁለት መስመር ጻፉላቸው።

ጥያቄ፦ ልንጠቁማቸው ስንዘጋጅ ያረፉ ባለሙያ አሉ። ጊዜው አልፏል ማለት ነው? (የቀድሞ ባልደረባ)

መልስ፦ እንደ ሽልማቱ ደንብ ነው። ኖቤል ላረፈ ሰው አይሰጥም፤ ልዩነቱ አሸናፊነታቸው ከተነገረ በኋላ ካረፉ ብቻ ነው። ፖል ፋርመር ግን በፌብሩዋሪ 2022 አርፈው በዚያው ዓመት በሜይ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ደንቡን አይታችሁ፣ ግልጽ ካልሆነ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፋችሁ ጠይቁ። እስከዚያው አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች የሚያስታውሱትን ጻፉ፤ የመዝገብና የሪፖርት ቅጂዎችንም ሰብስቡ።